ፎርማሊን ውስጥ ገባ ማለት አለቀ ማለት አይደለም

ሰሜን ሸዋ ውስጥ ከሰው አካል የተቆረጠ ናሙና ረጅም መንገድ ይጓዛል። መሐል ሜዳ ከተማ ላይ የወጣ እባጭ አለ። ዓለም ከተማ የተወሰደ የጡት ቁራጭ አለ። ሸዋ ሮቢት በመርፌ የተቀዳ የአንገት እብጠት አለ። ግማሹ ደብረ ብርሃን ላይ ይቆማል፣ ግማሹ አዲስ አበባ ይዘልቃል። እኔ የምሠራው ይህን ናሙና ተቀብሎ፣ ቆራርጦ፣ ሰም ውስጥ አድርጎ፣ በስሱ ልጦና ቀለም ነክሮ ለፓቶሎጂስቱ (ናሙና አይቶ በሽታ ለሚለየው ሐኪም) ማይክሮስኮፕ በሚያደርስ ክፍል ውስጥ ነው። አልፎ አልፎ ደግሞ ጭላዳ ላይ ምርምር ለሚሠሩ ተማሪዎች የናሙና አያያዝ አሳያለሁ።

ይህን የምጽፈው ወደ ሙያው አዲስ ለምትገቡ ልጆች ነው። ከየወረዳው ናሙና ለምትልኩ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ጭላዳ ለማጥናት ጓሳ ወይም ጣርማበር ላይ ለምትሠሩ ተማሪዎችም ነው። ፎርማሊን ሥጋ እንዳይበሰብስ የሚነከርበት መርዛማ ፈሳሽ ነው። ብዙ ሰው «ፎርማሊን ውስጥ ገብቷል፣ አለቀ» ይላል። አላለቀም። ሥጋው ከማን እንደመጣ፣ መቼ እንደተቆረጠ፣ ምን እንደተደረገበት፣ ማን እንደፈቀደ ካልታወቀ ለሚነካው ሰው አደጋ ነው። ለባለቤቱም በደል ነው። ከዓመታት ሥራ የያዝኩት ዋና ነገር ይሄ ነው።

ከዕቃው ልጀምር። አንድ ቀን ከመንዝ የመጡ አባት ፌስታል ይዘው ክፍላችን በር ላይ ቆሙ። ፌስታሉ ውስጥ ሁለት ሃይላንድ አለ።

«አባባ፣ ምንድነው የያዙት?» አልኳቸው።

«አንደኛው የሸንኮራ ዮሐንስ ጠበል ነው ልጄ፤ አንደኛው የባለቤቴ ናሙና ነው። ለላብራቶሪ አድርስ ተብዬ ነው።»

የትኛው የትኛው እንደሆነ ለመለየት መክፈትና ማሽተት ነበረባቸው። ፎርማሊን እንደ ውኃ ጥርት ያለ ነው። ከውኃ ጋር ያልተቀላቀለው ፎርማሊን 30 ሚሊ ሊትር ያህሉ ብቻ አዋቂ ሰው ሊገድል ይችላል። የተበረዘውም ቢሆን ጉሮሮና ጨጓራ ያቃጥላል። መንገድ ላይ የተጠማ ልጅ ቢያገኘውስ? ጥፋቱ የሳቸው አልነበረም። ያንን ጠርሙስ የሰጣቸው ባለሙያ ነው ማሰብ የነበረበት።

ስለዚህ ናሙና በሃይላንድ አትላኩ። በመድኃኒት ጠርሙስም አትላኩ። አፉ የጠበበ ዕቃ ሌላም ችግር አለው። ሥጋው ሲገባ ለስላሳ ነው፣ ፎርማሊን ሲያደርቀው ግን አይወጣም። እሱን ለማውጣት ጠርሙሱን በምላጭ መቅደድ የግድ ይሆናል፤ እጅ የሚቆረጠው ያኔ ነው። አፉ ሰፊ፣ ክዳኑ በጥርስ የሚዘጋ የፕላስቲክ ዕቃ ፈልጉ። ጽሑፉ ክዳኑ ላይ ሳይሆን ዕቃው ሆድ ላይ ይለጠፍ። ክዳን ይለዋወጣል። በእስክሪብቶ አትጻፉ፣ ፎርማሊንና አልኮል ያጠፋዋል። እርሳስ ይሻላል። «ፎርማሊን፣ መርዝ፣ አይጠጣም» የሚል በአማርኛ በትልቁ ይጻፍበት። ይዞት የሚጓዘው የሕክምና ባለሙያ ሳይሆን ቤተሰብ ነውና።

ምን ይጻፍ? ስም ከነአያት፣ ዕድሜ፣ የካርድ ቁጥር፣ ከየትኛው የሰውነት ክፍል እንደተወሰደ፣ ቀኝ ወይስ ግራ። ኤች አይ ቪ ወይም ቲቢ የተረጋገጠበት ሰው ከሆነ በምስጢር በታሸገው የመጠየቂያ ወረቀት ላይ ይሁን እንጂ ዕቃው ላይ አይለጠፍ። ዕቃውን ሚኒባሱ ውስጥ ያለ ሁሉ ያየዋል። ደግሞም እኛ ሁሉንም ናሙና እንደ ተላላፊ ቆጥረን ነው የምንሠራው። ያልተጻፈበት ጤነኛ ነው ብሎ የሚያስብ ባለሙያ እንዲኖር አልፈልግም።

ሰዓቱ ደግሞ ከሁሉ በላይ የሚያስቸግረን ነው። ወረቀቱ ላይ «8:00» ተብሎ ይመጣል። ከጠዋቱ ሁለት ሰዓት ነው በፈረንጅ አቆጣጠር? ወይስ ከቀኑ ስምንት ሰዓት በኛ? የ6 ሰዓት ልዩነት ነው። ለጡት ካንሰር ናሙና ይሄ ቀላል ነገር አይደለም። የሆርሞን ተቀባይ ምርመራ እንዲታመን ናሙናው ፎርማሊን ውስጥ ከ6 ሰዓት ያላነሰ፣ ከ72 ሰዓት ያልበለጠ መቆየት አለበት። የሴትየዋ መድኃኒት የሚወሰነው በዚያ ውጤት ነው። «ከቀኑ 8 ሰዓት» ብላችሁ በቃል ጻፉ። ቀኑንም ዓ.ም. ወይም እ.ኤ.አ. ብላችሁ ለዩት።

መጠኑም አለ። ከሥጋው ቢያንስ 10 እጥፍ ፎርማሊን ያስፈልጋል፣ 20 እጥፍ ቢሆን ደግሞ ደስ ይለኛል። ሥጋው ዕቃው ውስጥ ታጭቆ ፎርማሊኑ ጠርዝ ጠርዙን ብቻ ሲያረጥበው ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ፎርማሊን ሥጋ ውስጥ የሚገባው በዝግታ ነው፤ በሰዓት 1 ሚሊ ሜትር ገደማ ቢባል ነው። ሙሉ ጡት ወይም ትልቅ ዕጢ ሳይሰነጠቅ ከተነከረ ውጪው ጠንክሮ መሐሉ ይበሰብሳል። መሐሉ ደግሞ ገና ትኩስ ሥጋ ነው። ተላላፊ ነገር ካለበት እዚያ ውስጥ ሕያው ሆኖ ይቆያል። የቲቢ ባክቴሪያ ፎርማሊን ውስጥ ከቆየ ሥጋ ሳይቀር በሕይወት መገኘቱ ተመዝግቧል። ስለዚህ ትልቁን ናሙና የቀዶ ሕክምና ባለሙያው ሳያፈርሰው እንደ ዳቦ ይሸንሽነው፣ ከዚያ ይነከር። እኛ ስንቆርጠው ደግሞ ጓንት፣ መነጽርና የፕላስቲክ ሽርጥ ሳናደርግ አንነካውም።

አሁን ወደ ደጋው ነገር ልምጣ። ደብረ ብርሃን 2,800 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ ሌሊቱ ውርጭ ነው። ይህ ብርድና ከፍታ ላብራቶሪ ውስጥ ሦስት ነገር ይሠራብናል።

የመጀመሪያው ፎርማሊኑ ላይ ነው። ገበያ ላይ የሚሸጠው፣ ከ37 እስከ 40 በመቶ ፎርማልዴሃይድ (የፎርማሊን ዋና ኬሚካል) ያለበት ፎርማሊን ሲበርደው ነጭ ዝቃጭ ይፈጥራል። ጀሪካኑን ስትከፍቱ ታቹ ላይ እንደ ኖራ ተጋግሮ ታገኙታላችሁ። ከላይ ጥርት ብሎ የሚታየውን ቀድታችሁ በተለመደው ልክ፣ 1 እጅ ለ9 እጅ ውኃ፣ ብትበርዙት የሚወጣው ፎርማሊን ደካማ ነው። ጉልበቱ ታች ቀርቷል። ሥጋው አምሮ የተነከረ ይመስላል፣ ግን ይበሰብሳል። መፍትሔው ውድ አይደለም። ጀሪካኑን ከሲሚንቶ ወለል አንሱት፣ ከውጪ ግድግዳ አርቁት፣ ብርድ በሌለበት ክፍል ቁም ሳጥን ውስጥ ቆልፉበት። ዝቃጭ ያለበትን ለናሙና አትጠቀሙ። በእሳት ወይም በምድጃ ላሙቅህ አትበሉት፣ ጭሱ መርዝ ነው፣ ተቀጣጣይም ነው።

ሁለተኛው መስኮቱ ነው። ሰው ሲበርደው መስኮት ይዘጋል። ማንም አይፈረድበትም። ግን ፎርማልዴሃይድ ካንሰር አምጪ መሆኑን የዓለም የካንሰር ምርምር ኤጀንሲ ካረጋገጠ ቆይቷል፤ ከአፍንጫ ጀርባ ካለው ካንሰርና ከደም ካንሰር ጋር ይያያዛል። ክፉ ጠባዩ ደግሞ አፍንጫ ይለምደዋል። ጠዋት ዓይን የሚያስለቅሰው ሽታ ከሰዓት በኋላ «ጠፋ» ይባላል። ሽታው አልጠፋም፣ አፍንጫችን ነው የደነዘዘው። እኛ ጋ የረዳን ነገር ሥራውን መከፋፈል ነው። ፎርማሊን ዕቃ የሚከፈትበት ሥራ ሁሉ ፀሐይ ወጥቶ ክፍሉ ሲሞቅ፣ በአንድ ጠረጴዛ ላይ፣ አየር ማውጫው አጠገብ ይሠራል። ያን ሰዓት መስኮቱ ክፍት ነው፣ ሁሉም ጃኬቱን ከጋውኑ ሥር ይለብሳል። ከጋውን በላይ የተለበሰ ጃኬት ማታ ቤት ይገባል፣ ልጅ ያቅፈዋል። ጋውኑ ግን ከክፍሉ አይወጣም። የሻይ ፔርሙስም ላብራቶሪ ውስጥ አይገባም። ብርዱ የሚያባብል መሆኑን አውቃለሁ። ሻዩ በኮሪደሩ ማዶ ይጠጣ።

ሦስተኛው አውቶክሌቩ ነው፤ ዕቃ በእንፋሎት ሙቀት ከተህዋሲያን የሚያጸዳው ማሽን። ይሄኛው ከብርዱ ሳይሆን ከከፍታው ነው፤ እዚህ ላይ ጠበቅ ማለት እፈልጋለሁ። ትምህርት ቤት ሁላችንም «15 ፒ ኤስ አይ፣ 121 ዲግሪ» ብለን ተምረናል። ፒ ኤስ አይ የግፊት መለኪያ አሃድ ነው። ያ ቁጥር ግን የባሕር ጠለል ቁጥር ነው። የግፊት መለኪያው የሚያነበው ከውጪው አየር በላይ ያለውን ግፊት ብቻ ነው። ደብረ ብርሃን ላይ የውጪው አየር ስስ ነው፣ ውኃ እንኳ በ90 ወይም 91 ዲግሪ ይፈላል። መለኪያው 15 ሲል ውስጡ ያለው እንፋሎት 116 ዲግሪ አካባቢ ነው። 121 ለመድረስ 19 ወይም 20 ፒ ኤስ አይ ያህል ያስፈልጋል። ያው ማሽን ጣርማበርን ወርዶ ሸዋ ሮቢት ቢተከል 17 አካባቢ ይበቃዋል።

ታዲያ ዝም ብላችሁ ግፊቱን አትጨምሩ። መጀመሪያ ማሽኑ የተሠራበት ከፍተኛ ግፊት ስንት እንደሆነ ሰሌዳው ላይ አንብቡ፣ የባዮሜዲካል (የሕክምና መሣሪያ) ባለሙያ አስጠሩ። የሙቀት መለኪያ ያለው ማሽን ከሆነ እሱን እመኑ፣ ግፊቱን ተዉት። ጥቁር መስመር የሚያወጣው ቴፕ ዕቃው እንፋሎት እንዳየ እንጂ ተህዋሲያኑ እንደሞቱ አይነግራችሁም። የሚናገረው የጂኦባሲለስ ስፖር (ሙቀት የሚቋቋም የባክቴሪያ ዘር) ያለበት መሞከሪያ ነው። በቋሚነት ይደረግ፣ ውጤቱ መዝገብ ላይ ይስፈር። ፎርማሊን ወይም በረኪና ያለበት ነገር ደግሞ አውቶክሌቭ ውስጥ ፈጽሞ አይገባም፤ የሚወጣው ጋዝ ክፍሉን ሙሉ ይመርዛል።

ትኩስ ናሙና ሌላ ዓለም ነው። እኛ አካባቢ ነፈርሳ (የአንገት ዕጢ ቲቢ) ብዙ ነው። አንገት ላይ ያለውን እብጠት በመርፌ ቀድተን ስላይድ ላይ ስንዘረጋ፣ ወይም ዕጢው ራሱ ተቆርጦ ሲመጣ፣ ቲቢ ሊሆን እንደሚችል ታሳቢ ማድረግ አለብን። አንድ ነገር ለላኪዎች፦ ለጂን ኤክስፐርት (የቲቢን ዘረመል ለሚፈልገው ምርመራ) ወይም ለካልቸር (ተህዋሲውን ለማሳደግ) የምትልኩትን ፎርማሊን ውስጥ አትክተቱ። ምርመራው ከንቱ ይሆናል፣ በሽተኛውም እንደገና ይቆረጣል። ንጹህ ሳላይን ውስጥ፣ በአይስ ፓክ ቀዝቅዞ ይምጣ። ፎርማሊን ያለበትን ደግሞ ከበረዶ ጋር አታድርጉ። ሁለቱም ከአንድ ሰው ከተወሰዱ በሁለት ዕቃ፣ በሁለት ጽሑፍ ይለያዩ።

በትኩስ ሥጋ ላይ ኤሮሶል (አየር ላይ የሚንሳፈፍ ብናኝ) የሚያስነሳ ነገር ሁሉ፣ መፍጨትም ሆነ መናጥ ወይም ሴንትሪፉጅ መክፈት፣ በባዮሴፍቲ ካቢኔት ውስጥ ይሠራ። ክራዮስታት (ሥጋን አቀዝቅዞ በስሱ የሚልጥ ማሽን) ያላችሁ የሚያቀዘቅዝ ስፕሬይ አትንፉበት፣ ብናኙን ፊታችሁ ላይ ይበትነዋል። ውኃ በጠፋ ቀን እኛ ትኩስ ናሙና አንከፍትም። መታጠቢያ ከሌለ ሥራም የለም። ቧንቧ ያለው ሙሉ ጀሪካንና ዓይን ማጠቢያ የሚሆን የሳላይን ከረጢት ሁልጊዜ ከጠረጴዛው አጠገብ አለ።

መርፌ ወይም ምላጭ ቢያገኛችሁስ? ደሙን መጭመቅ፣ አልኮል ወይም በረኪና መጨመር ልማድ ሆኗል። አታድርጉት። ቁስሉን ያባብሰዋል። በሳሙናና በውኃ እጠቡ። ዓይን ከሆነ ለ15 ደቂቃ በንጹህ ውኃ ይታጠብ። ከዚያ ወዲያው፣ ሥራውን ሳትጨርሱ፣ የኤች አይ ቪ መከላከያ ወደሚሰጥበት ክፍል ሂዱ። መድኃኒቱ በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት ቢጀመር ይመረጣል፣ ከ72 ሰዓት በኋላ አይሰጥም፣ የሚወሰደውም ለ28 ቀን ነው። በኤች አይ ቪ በተበከለ መርፌ የተወጋ ሰው የመያዝ ዕድሉ ከ1000 ሦስት ያህል ነው። ሄፓታይተስ ቢ ግን ላልተከተበ ሰው ከ100 ከ6 እስከ 30 ይደርሳል። ስለ ኤች አይ ቪ ሁሉም ይፈራል፣ ስለ ጉበቱ የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። ክትባቱ ሦስት ጊዜ ነው፤ ዛሬ፣ ከ1 ወር በኋላ፣ ከ6 ወር በኋላ። ከመጨረሻው በኋላ በ1 ወይም በ2 ወር ውስጥ ሰውነታችሁ መቀበሉን በደም ምርመራ አረጋግጡ።

ይህን ስል በመጀመሪያ የማስበው የጽዳት ሠራተኞቻችንን ነው። እኛ የረሳነውን ምላጭ በእጃቸው የሚያገኙት እነሱ ናቸው። ክትባት ሲመጣ ግን ስማቸው ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ ይሆናል፣ አንዳንዴም ጨርሶ አይኖርም። እትዬ የምንላት አንዲት የጽዳት ሠራተኛ «እኔ እንኳን ሐኪም አይደለሁም፣ ምን ያደርግልኛል?» ስትል ሰምቼ በጣም አዘንኩ። ላብራቶሪ የሚገባ ሁሉ መከተብ አለበት። ሴፍቲ ቦክስ ሦስት አራተኛው ሲሞላ ይዘጋ፣ በእጅ አይደለደል። ተላላፊው በቢጫ ከረጢት፣ ተራው በጥቁር ይግባ። ለጠረጴዛ 5 በመቶ የሆነውን በረኪና 1 ለ9 በውኃ በርዙ፣ ጠዋት ጠዋት አዲስ አዘጋጁ፣ ከመጥረጋችሁ በፊት 10 ደቂቃ ይቆይ። ፎርማሊን የፈሰሰበት ላይ ግን በረኪና አታፍስሱ። ያገለገለ ፎርማሊን ደግሞ ወደ ቦዩ አይደፋ። ቦዩ በሬሳ ወንዝ ይገባል፣ ከታች ከብት ይጠጣዋል፣ ጎመን ይጠጣዋል። ምልክት ባለበት ጀሪካን ሰብስባችሁ ለአካባቢ ጤና ባለሙያው አስረክቡ።

ወደ ጭላዳ እንሂድ። ጭላዳ የኢትዮጵያ ደጋ እንጂ የሌላ አገር የዱር እንስሳ አይደለም። እኛ ጋ ጓሳ አለ፣ ጣርማበር ገደል አለ። ስለምናውቀው እንዳንፈራው ሆነናል። አንድ ጠዋት ሁለት ተማሪዎች ደወሉልኝ።

«ጋሼ፣ መኪና የገጨው ጭላዳ መንገድ ዳር አግኝተናል። ሳንባውንና ጉበቱን ብንወስድ ይጠቅመናል?»

«እንዳትነኩት» አልኳቸው። «ጤነኛ ጭላዳ ከመኪና ይሸሻል። ይሄኛው ለምን አልሸሸም?»

ዝም አሉ። ስሜታቸው ገብቶኛል፣ እንዲህ ያለ ናሙና በቀላሉ አይገኝም። ግን ዝንጀሮም ጦጣም ጭላዳም ለኛ ቅርብ ዘመድ ናቸው። ቅርብ ስለሆኑ በሽታቸው ወደኛ ይሻገራል፣ የኛም ወደነሱ። እ.ኤ.አ. በ1967 ጀርመን ውስጥ ማርቡርግና ፍራንክፈርት፣ እንዲሁም ቤልግሬድ ላይ የሆነውን እያንዳንዱ ተማሪ ማወቅ አለበት። ከኡጋንዳ የመጡ ጦጣዎችን ደም፣ የአካል ክፍልና የኩላሊት ህዋስ ይዘው ሲሠሩ የነበሩ ሰዎች ታመሙ። በጠቅላላው 31 ሰው ተያዘ፣ 7 ሞቱ። የማርቡርግ ቫይረስ ስሙን ያገኘው ከዚያ ነው። ኅዳር 2018 ዓ.ም. ላይ ጂንካ ውስጥ ማርቡርግ መገኘቱ ሲነገር ያ ታሪክ የሩቅ አገር ታሪክ አለመሆኑን ሁላችንም አየን።

ሌላም አለ። እ.ኤ.አ. በ1997 አሜሪካ ውስጥ በአንድ የምርምር ማዕከል አንዲት ወጣት ተመራማሪ ማካክ የሚባለውን ጦጣ ስታንቀሳቅስ ከእንስሳው የተረጨ ነገር ዓይኗን ነካት። መነጽር አላደረገችም ነበር። ቢ ቫይረስ በሚባል የሄርፒስ ዝርያ ከሳምንታት በኋላ ሞተች። ማካክ በተፈጥሮ አገራችን የለም፤ ጭላዳም ማካክ አይደለም። ግን ከውጭ የመጣ የጦጣ ሥጋ ወይም ህዋስ ስትቀበሉ የትኛው ዝርያ እንደሆነ ሳታውቁ አትክፈቱ። ላብራቶሪ ውስጥ የሚራቡት ቬሮ የተባሉት ዝነኛ ህዋሶች እንኳ የጦጣ ኩላሊት ናቸው።

ጓሳ ላይ ጭላዳዎች ቆዳ ሥር ፈሳሽ የቋጠረ ትልቅ እብጠት ይታይባቸዋል። ቴኒያ ሴሪያሊስ የሚባል የኮሶ ዓይነት ትል እጭ ነው። ትሉ የሚያድገው ውሻና የውሻ ዘመዶች አንጀት ውስጥ ነው። ስለዚህ የሞተ ጭላዳ ለውሻ አይጣል፣ የተቀደደው እብጠትም ሜዳ ላይ አይተው። ውሻው በልቶ እንቁላሉን ሣሩ ላይ ይጥላል፣ ጭላዳው ሣር በል ነው። ሰውም ከውሻው ሊይዘው ይችላል።

ተማሪዎቹን ለወረዳው የዱር እንስሳት ባለሙያ እንዲያሳውቁ ነገርኳቸው። ምክንያቱም ከጤናው ሌላ ሕጉ አለ። የዱር እንስሳ ሞቶም የመንግሥትና የሕዝብ ሀብት ነው፤ የዱር እንስሳት አዋጁ ያለ ፈቃድ እንዲነካ አይፈቅድም። ናሙና ለመውሰድ ከኢትዮጵያ ዱር እንስሳት ጥበቃ ባለሥልጣን ፈቃድ ያስፈልጋል። ዘረመሉን ለማጥናት ደግሞ በአዋጅ 482/1998 መሠረት ከኢትዮጵያ ብዝሃ ሕይወት ኢንስቲትዩት ጋር ስምምነት ይደረጋል። ወደ ውጭ የሚላክ ከሆነ ጭላዳ በሳይተስ (የዱር እንስሳትና ዕፅዋት ዓለም አቀፍ ንግድ) ስምምነት ሁለተኛው ዝርዝር ውስጥ ስላለ የመላኪያ ፈቃድ ይጠየቃል። ተቀባዩ አገርም የራሱን ወረቀት ይጠይቃል። ጥቂት ጠብታ ደምም፣ ፀጉርም፣ የተዘጋጀ ስላይድም ያው ነው። ጓሳ ላይ ደግሞ ሣሩን ቄሮ በሚባል ባህላዊ የጋራ ጥበቃ ሥርዓት ለብዙ ዘመን ጠብቆ ያቆየ ማኅበረሰብ አለ። ከወረቀቱ በፊት እነሱን አናግሩ። ብዙ ጊዜ የምታጠኑት ነገር በፋንድያ ናሙና ይመለሳል፤ ሥጋ መንካት ላያስፈልግ ይችላል።

የሰው ናሙና ሕጉም እንዲሁ ነው። ለምርመራ የተሰጠ ሥጋ ለምርምር የተሰጠ አይደለም። መደርደሪያችን ላይ ያሉት የሰም ብሎኮች የሰዎች ናቸው። ተማሪ መጥቶ «ጋሼ፣ ጥቂት ብሎክ ስጠኝ፣ ለመመረቂያዬ ነው» ሲል የሥነ ምግባር ኮሚቴ ፈቃዱን አሳየኝ እላለሁ። ከሌለው አልሰጥም። ናሙናው ከተቋሙ የሚወጣ ከሆነ የናሙና ማስተላለፊያ ስምምነት ይፈረማል፤ ምን እንደሚደረግበት፣ ስንት ዓመት እንደሚቆይ፣ ሲያልቅ እንደሚቃጠል ወይም እንደሚመለስ ይጻፍበታል። ስም ተነቅሎ በኮድ ይተካል።

ፈቃድ ስትጠይቁ በሚገባ አማርኛ ጠይቁ። አንዲት እናት «ሥጋዬን ውጭ ወስዳችሁ ትሸጡታላችሁ ይባላል» ብለውኛል። ተቀምጬ ማን እንደሚያየው፣ የት እንደሚቀመጥ፣ እምቢ ቢሉ ሕክምናቸው እንደማይቀር አስረዳኋቸው። ልጃቸው ምስክር ሆኖ በአሻራ ፈረሙ። ማንበብ የማይችል ሰው ወረቀቱ ይነበብለት፣ ከዚያም የገባውን በራሱ ቃል ይናገር። የማይናገር ከሆነ አልገባውም፤ አሻራውን አትቀበሉ።

ስለ እግርና እጅም ልናገር። በኛ አካባቢ የተቆረጠ እግር እንዲቀበር ቤተሰብ ይጠይቃል። ያስከብራል፣ አትከልክሉ። ከቀዶ ሕክምናው በፊት ጠይቁ፣ በጽሑፍ አስፈርሙ። የሚቀበር ከሆነ ፎርማሊን ውስጥ አይገባም። ለፓቶሎጂ የሚያስፈልገው ቁራጭ ተወስዶ ቀሪው በማያፈስ ድርብ ከረጢት ተጠቅልሎ፣ እንዳይከፈትና ከውኃ ምንጭ ርቆ በጥልቀት እንዲቀበር ተነግሮ ይሰጥ። የተቀበለው ሰው መዝገብ ላይ ይፈርም። ቤተሰብ ያልጠየቀው ወደ ማቃጠያው ወይም ለዚሁ ወደተዘጋጀው ጉድጓድ ይሄዳል። እንግዴ ልጅም እንደዚሁ።

ለጉዞ ሦስት ልብስ እንላለን። ውስጡ የማያፈስ ዕቃ፣ በዙሪያው ፈሳሹን ሁሉ መምጠጥ የሚችል ጥጥ፣ ከዚያ ሁለተኛ የማያፈስ ዕቃ፣ ከላይ ጠንካራ ሳጥን። ወረቀቱ በሁለተኛውና በሦስተኛው መሐል ይቀመጥ እንጂ ከናሙናው ጋር አይጠቅለል። ሳጥኑ ላይ የላኪና የተቀባይ ስልክ ይጻፍ። ሚኒባስ ጣሪያ ላይ አይጫን። ሾፌሩም ምን እንደያዘ ይወቅ፤ መገልበጥ ቢደርስ ማን ጋ እንደሚደውል የሚነግረው ወረቀት ኪሱ ውስጥ ይኑር።

ይህ ሁሉ ገንዘብ ይጠይቃል ትሉ ይሆናል። ጥቂቱ አዎ። የበጀት ዓመቱ ሐምሌ 1 ስለሚጀምር ጥያቄያችሁን ቀደም ብላችሁ አስገቡ። እኔ ቅደም ተከተሉን እንዲህ አደርገዋለሁ። መጀመሪያ ለጽዳት ሠራተኞች ጭምር የሄፓታይተስ ቢ ክትባት። ቀጥሎ አፈ ሰፊ የናሙና ዕቃ፣ ለሚልኩልን ወረዳዎች ሁሉ የሚዳረስ። ከዚያ አየር ማውጫ ማራገቢያ። ከዚያ ለአውቶክሌቩ የስፖር መሞከሪያ። መነጽር ርካሽ ነው፣ ከሌላ መስመር ይገዛ። ጥያቄውን ስትጽፉ «ለደኅንነት» ብላችሁ ብቻ አትተዉት። ባለፈው ዓመት ስንት ናሙና በዕቃ ምክንያት ተበላሽቶ ስንት ሰው እንደገና እንደተቆረጠ ከመዝገባችሁ አውጥታችሁ አያይዙት። የፋይናንስ ኃላፊው የሚያነበው እሱን ነው።